ማሽላው ሳይታጨድ

ኸድራ በቤቷ ጥላ ሥር፣ በቀርከሃ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ባሚያ ትከትፍ ነበር። አንዱን ታነሣለች፣ ጫፍና ጫፉን ትቆርጣለች፣ እንደ ቀለበት እያደረገች ትከትፈዋለች፣ ከዚያ ፀሐይ ወደሚመታው ወደ ምንጣፉ ጠርዝ ትገፋዋለች። የጥቅምት ፀሐይ ለባሚያ ደግ ነው፤ አራት ቀን ካገኘው እስከ በጋው መጨረሻ አይበላሽም። ጎረቤቷ ሰዕዲያ ከጎኗ ቁጭ ብላ፣ አንድ ስትከትፍ ሦስት ወሬ ታወራለች።

«ስንት ቀን ቀረን?» አለች ሰዕዲያ።

«ትናንት ጠይቀሽኝ ነበር።»

«ትናንት አርባ አንድ ብለሽኛል። ዛሬ እንዳልተቀየረ ልወቅ ብዬ ነው።»

«አርባ። ማሽላው ወተት ይዟል።»

አርባው ቀን የሚቆጠረው ለመውጫ፣ መንደሩ ሁሉ ለመዝናናት ለሚወጣበት ቀን ነበር። በአሶሳ ዙሪያ ላሉ መንደሮች ለልብ ማረፊያ የሚሆን ቦታ አይጠፋም። ወንዶቹ በበጋ ወርቅ ወደሚታጠብበት ወንዝ ይወርዳሉ፤ ወርቁ ቢገኝም ባይገኝም አሸዋው ላይ ተጋድሞ ማውጋቱ አይቀርም። ጎረምሶቹ በገበያ ቀን እስከ ባምባሲ ሄደው ምንም ሳይገዙ ይመለሳሉ፤ የሄዱት ለማየትና ለመታየት ነውና። የኸድራ መንደር ሰዎች ግን ከሁሉ የሚያስበልጡት «ውሃው»ን ነው። ሌላ ስም የለውም። ጠዋት ከመንደር የወጣ ሰው ጤዛው ሳይረግፍ ይደርስበታል። በሁለት ጥቁር ዓለቶች መካከል ምንጭ ይወርድና ከሥሩ ሰፊ ገንዳ ይሠራል። ከገንዳው በላይ ልጆች የሚንሸራተቱበት ድንጋይ አለ፤ የስንት ትውልድ መቀመጫ አልስልሶት እንደ ተጠረበ ሆኗል። ከታች ደግሞ ሃምሳ ሰው የሚያስቀምጥ ለጥ ያለ ዓለት አለ፤ የገንፎው ገበታ የሚቀርበው እዚያ ነው።

ወደ ውሃው ግን እንዲሁ አይወጣም፤ በዙምባራ ነው የሚወጣው። ዙምባራው አሥራ ሁለት የቅል መለከት ነው። ቅሉ በቅል ላይ ተሰክቶ፣ በቀርከሃ ልጥ ታስሮ፣ በንብ ሰም የተያያዘ ነው። ትልቁ ከሰው ቁመት ይበልጣል፤ ትንሹ ከክንድ አይዘልም። እያንዳንዱ አንድ ድምፅ ብቻ አለው፤ እያንዳንዱም አንድ ባለቤት አለው። ባለቤቱ ተራውን ጠብቆ ያንኑ አንድ ድምፅ ይነፋል፤ አሥራ ሁለቱ ሲከተታተሉ እንደ አንድ ጉሮሮ ይሆናሉ። ማሽላ ከተዘራበት ቀን ጀምሮ የመጀመሪያው ዛላ እስኪታጨድ ድረስ መለከቱ ተጠቅልሎ፣ ታስሮ፣ በኸድራ ቤት ቆጥ ላይ ይተኛል። በመካከል ከተነፋ ማሽላው ተጠራሁ ብሎ ሳይበስል አንገቱን ይደፋል ይላሉ። ኸድራ እውነት ነው ወይ ብላ ጠይቃ አታውቅም። ባሏ ጠባቂ ነበር፤ እሱ ሲሞት ሰዎቹ የእጇን ሥራ ስለሚያውቁ ጠባቂነቱን ከቤቷ አላወጡትም። መለከቱ በዓመት አንድ ጊዜ ይፈታል፤ መጀመሪያ የተነፋበት ቀን የዚያ ዓመት መውጫ ነው፤ ሁለተኛ የለውም።

ሦስት ዓመት ግን መውጫ አልነበረም። በመጀመሪያው ዓመት የደጋው ጦር መጣና ሰው ሁሉ ዋሻ ገባ። በሁለተኛው ዓመት እህሉ ለሠራዊቱ ስንቅ ተወሰደ። በሦስተኛው አንበጣ መጣ። የኸድራ የልጅ ልጅ ጣሂራ አራት ዓመቷ ነው፤ ውሃውን በወሬ ብቻ ነው የምታውቀው። «አያቴ፣ ውሃው እውነት እዚያ ነው ያለው ወይስ ስትሄዱ ይዛችሁት ነው የምትሄዱት?» ብላ ኸድራን በአንድ ጊዜ ልታስቃትም ልታስለቅሳትም ደርሳ ነበር። ዘንድሮ ማሽላው ከሰው ራስ በላይ ነው። ዘንድሮ ጣሂራ በዚያ ድንጋይ ላይ ትንሸራተታለች። ኸድራ በልቧ የያዘችው ይህን ብቻ ነው።

ባሚያው ሳያልቅ ማህጁብ በበቅሎ መጣ። ማህጁብ የዚሁ መንደር ልጅ ነው፤ ባምባሲ ላይ ሲነግድ የደገኞቹን ቋንቋ ተማረ፤ አሁን የአካባቢው ሹም ወኪል ሆኗል። ኸድራ የእናቱ እህት ባትሆንም «ኻላ» እያለ ነው ያደገው፤ አክስቴ ማለቱ ነው።

«ኻላ፣ ሰላም ዐለይኩም።»

«ወዐለይኩም ሰላም። በቅሎህን ከባሚያዬ አርቅልኝ።»

በቅሎውን ሳበ። አልወረደም። «ደስ የሚል ወሬ ይዤ መጣሁ። ቀኛዝማች አንዳርጋቸው ሊመጡ ነው። ከሦስት ቀን በኋላ። ትልቅ ሰው ናቸው። የአገሩን ማለፊያ ማለፊያ ቦታ አሳየኝ ብለውኛል።»

«አገሩ ዐይን አይከለክልም። ይዩ።»

«ወደ ውሃው ነው የማወርዳቸው። ስለዚህ ዙምባራው ይውጣ። ሴቶቹም ነጣ ነጣ ያለ ልብስ ለብሰው ይምጡ፣ ይጨፍሩ። ገንፎም ይኑር።»

ሰዕዲያ ሳቀች። «ገንፎው በምኑ? ማሽላው ገና ወተት ነው። ወይስ ወተቱን እናልብልህ?»

ኸድራ ግን አልሳቀችም። ቢላዋውን ምንጣፉ ላይ አስቀመጠች። «ማህጁብ፣ ዛሬ ወሩ ምንድን ነው?»

«አውቃለሁ፣ ኻላ።»

«ካወቅህ ምን እያልክ ነው?»

«አንድ ቀን ነው እኮ! ጨዋታ ነው። ነፍተው መልሰው ያስሩታል። ማን ያውቃል?»

«ማሽላው ያውቃል። አሥራ ሁለቱ ሰዎች ያውቃሉ። እኔ አውቃለሁ። ደግሞም ከተነፋ የዘንድሮ መውጫ ያ ነው። ሦስት ዓመት የጠበቅነውን ቀን ለአንድ እንግዳ ልትሰጥ ነው?»

«እንግዳው እኮ ቀኛዝማች ናቸው።»

«ለማሽላ ቀኛዝማች ምኑ ነው?»

ማህጁብ ወዲያና ወዲህ አየ፤ የሰማ ሰው እንዳለ ለማወቅ ይመስላል። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ኻላ፣ እንዲህ ያለ ነገር ጮክ ብለሽ አትበይ። እኔ ለመንደሩ ነው የማስበው። ሰውየው ከተደሰቱ ግብሩ ይቀላል።»

«ካልተደሰቱስ?»

«እሱን አትጠይቂኝ» አለና በቅሎውን አዞረ። ጥቂት ሄዶ ዞር አለና «መለከቱ የመንደሩ ነው፤ የአንቺ አይደለም» አላት።

«የመንደሩ ስለሆነ ነው እምቢ ያልኩህ!» አለች ኸድራ። በቅሎው ግን ርቆ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ኸድራ ረጀብን ፍለጋ ሄደች። ረጀብ የትልቁ መለከት ባለቤት፣ የነፊዎቹም አለቃ ነው። ማሽላው መካከል በቆመ ማማ ላይ ወንጭፉን ይዞ ወፍ ሲጠብቅ አገኘችው። ከታች ሆና ሁሉንም ነገረችው። ሽማግሌው እስክትጨርስ ድረስ ሁለት ጊዜ ወንጭፉን አዙሮ ወረወረ።

«በተናደድኩ ጊዜ ወፍ አልስትም» አለ። «አይተሽልኛል?»

«አየሁ። ምን እናድርግ?»

«እኛ ከነገ ጀምሮ በየማማችን ነን። አሥራ ሁለታችንም። በጥቅምት ወፍ ጠባቂን ከማማው የሚያወርድ ሹም አልተወለደም። አንቺ ግን መለከቱን ደብቂው። ዋሻው ውስጥ አስቀምጪው።»

ኸድራ ፊቷ ተቀየረ። «እኔ ሌባ ነኝ? የገዛ ቤቴን ነገር ከቆጡ አውርጄ እንደ ሌባ ልደብቅ? ከዚያ ቆጥ ወርዶ የሚያውቀው ለመውጫ ብቻ ነው። እዚያው ይተኛል።»

«ኸድራ፣ ክብርና ብልሃት ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም።»

«እንግዲያው ብልሃቱ ይቅርብኝ።»

ረጀብ ሳቅ አለና ወንጭፉ ውስጥ ጠጠር ጨመረ። «ባልሽም እንዲህ ነበር። ሁልጊዜ ትክክል፣ ሁልጊዜ ተሸናፊ።»

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ኸድራ ማሽላዋን አይታ ስትመለስ የቤቷ በር ተከፍቶ አገኘችው። ጣሂራ ደጃፉ ላይ ቆማ ጣቷን ትጠባለች። «ሰዎች መጡ። ረጅሙን ነገር ወሰዱ። ሰላም አላሉኝም» አለች። ኸድራ ገባች። ቆጡ ባዶ ነው። ማሰሪያው ልጥ አልተፈታም፤ በቢላዋ ተቆርጦ መሬት ላይ ተጥሏል። የተጠቀለለበትም ሰሌን ተረግጧል። ያን ልጥ ባለፈው ሰኔ አጥብቃ ያሰረችው እሷ ናት፤ ለመፍታት ጊዜ ይወስዳል፣ ግን ይፈታል። አንድ ሰው አጎንብሶ ለመፍታት እንኳ አልታገሰም። ደሟ ፈላ። መለከቱ ከመወሰዱ ይልቅ የተቆረጠው ልጥ ነው ይበልጥ ያንገበገባት። ልጡን አንሥታ ጉያዋ ውስጥ አደረገችና ሰዕዲያን ጠራች።

«ወዴት ነው?» አለች ሰዕዲያ።

«ወደ ውሃው።»

«ሳይታጨድ?»

«እኔ ለመውጫ አይደለም የምሄደው።»

በመንገድ ላይ ሳሉ የመለከቱን ድምፅ ከሩቅ ሰሙ። ሰዕዲያ ቆመች፤ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ኸድራ አልቆመችም። ድምፁ ይወጣል፣ ይቋረጣል፣ ሁለቱ አብረው ያገሳሉ፣ አንዱ እንደ ሕፃን ያንቃርራል። ዓለቱ ደግሞ ያንኑ ተቀብሎ ሳያፍር ይመልሰዋል። ማህጁብ ከማማዎቹ አንድ ሰው ማውረድ ስላቃተው መለከቱን ለጭነት ተሸካሚዎች አድሏል። አፍ ያለው ሁሉ የሚነፋው መስሎታል። ከመንደር በልጅነቱ የወጣ ሰው እንዲህ ይሳሳታል፦ አሥራ ሁለቱ አሥራ ሁለት ድምፅ እንዳላቸው ያስታውሳል፣ ተራ እንዳላቸው ግን ረስቷል።

ውሃው ዘንድ ሲደርሱ ኸድራ መጀመሪያ ያየችው ለጥ ያለውን ዓለት ነበር። የገንፎው ገበታ በሚቀርብበት ቦታ ላይ በሬ ታርዷል። ደሙ በድንጋዩ ስንጥቅ እየተንቆረቆረ ወደ ገንዳው ይወርዳል። ወታደሮች ሥጋውን ይበልታሉ። ልጆች በሚንሸራተቱበት ድንጋይ ላይ ኮርቻ ተደርድሯል። ቀኛዝማች አንዳርጋቸው በምንጣፍ ላይ ተቀምጠው በጩቤ ጥሬ ሥጋ ይቆርጣሉ፤ ወፈር ያሉ፣ ነጭ ፂም ያላቸው፣ ሰው የማይጠሉ የሚመስሉ ሽማግሌ ናቸው። ማህጁብ ከጎናቸው ቆሟል።

«ይህ ቦታ» ይላል ማህጁብ በአማርኛ፣ «ከዛሬ ጀምሮ የቀኛዝማች መናፈሻ ይባላል፣ ጌታዬ። በየዓመቱ በዚህ ቀን ሕዝቡ ይወጣልዎታል።»

ኸድራ ሰማች። ሠራዊቱ ሁለት ዓመት ከገበያው አጠገብ ሰፍሮ ሳለ ለወታደሮቹ ሚስቶች ባሚያና ማር ትሸጥ ነበር፤ ቋንቋውን በግድም በውድም ለቅማዋለች። ማህጁብ ይህን አያውቅም፤ በዚያን ጊዜ እሱ ባምባሲ ነበር።

ቀኛዝማቹ ፊታቸውን አጨማደዱ። «የዚህ አገር መለከት አንጀት ያባባል ብለውኝ ነበር። ይህ ነው?»

«እየተሟሟቁ ነው፣ ጌታዬ።»

አንደኛው ተሸካሚ ጉንጩን ነፍቶ ትንሹን መለከት ነፋ። ወታደሮቹ በሳቅ ወደቁ። አንዱ እንደ ላም እምቧ አለ፤ ሌላው ጮኾ መለሰለት። ኸድራ በመካከላቸው አለፈች። ከማህጁብ ፊት ቆመችና በመንደራቸው ቋንቋ፣ ረጋ ባለ ድምፅ ተናገረች፦ «ለሰውየው ንገረው። ይህ መለከት ከቤቴ በሌለሁበት የተወሰደ ነው። ጊዜው ሳይደርስ ነው የተነፋው። የታረደበት ድንጋይ ምግብ የምናቀርብበት ነው። ንገረውና አሁኑኑ ይመልስ።»

ማህጁብ ላቡ ወረደ። ወደ ቀኛዝማቹ ዞረ። «ይህች ሴት የመለከቱ ጠባቂ ናት፣ ጌታዬ። እንኳን ደህና መጡ ትላለች። በመምጣትዎ መንደሩ ተባርኳል ትላለች።»

ኸድራ ብዙ ጊዜ ተናዳ ታውቃለች፤ ይህ ግን ሌላ ነበር። የገዛ አፏን ቆርጦ ለሌላ ሰው እንዳበላው ሆኖ ተሰማት።

«ውሸት» አለች፣ በአማርኛ።

ሳቁ ቆመ።

«ጌታ፣ እሱ ውሸት ተናገረ። እኔ እንኳን ደህና አላልኩም። ይሄ መለከት አሁን ተኝቷል። ማሽላ ሲደርስ ይነሣል። እሱ ቤቴ ገባ። እኔ የለም ነበር። ሕፃን ብቻ ነበር። አንተ የበላህበት ድንጋይ የእኛ ገበታ ነው።»

«አንቱ በይ!» ብሎ አንድ ወታደር ጮኸባት። ኸድራ አልገባትም። የወታደሮቹ ሚስቶች «አንቺ» እንጂ ሌላ ብለዋት ስለማያውቁ «አንቱ» የሚለውን ቃል ከማንም አልተማረችም።

ቀኛዝማቹ ጩቤያቸውን በቁራጭ ጨርቅ ጠረጉ። ወደ ማህጁብ ዞረው «ምንድን ነው የምትለው?» አሉ፣ በገዛ ቋንቋቸው የተነገራቸውን እንዳልሰሙ ሁሉ።

ኸድራ ከጉያዋ የተቆረጠውን ልጥ አውጥታ ከሥጋው አጠገብ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠችው።

«ይሄን ነው የምለው» አለች።

ሽማግሌው ልጡን አዩት። ኸድራ እንዲያፍሩ ፈለገች። ከዚያ ፊት ላይ አንድ ነገር፣ ትንሽ ነገር፣ ሲለወጥ ማየት ፈለገች። እሳቸው ግን የሰለቸው ሰው ፊት ነበር ያላቸው። «ስጧት» አሉ። «እኔ ዘፈን ፈለግሁ እንጂ ክስ አልፈለግሁም። ይህ ድምፅ እንደሆነ በአገሬ ላምም ታወጣዋለች።» ወደ ሥጋቸውም ተመለሱ።

መለከቱን አሥራ ሁለት ጊዜ ጎንበስ ቀና ብላ ከየተሸካሚው እጅ ለቀመች። ሰዕዲያ ስድስቱን ተሸከመች፤ እሷ ስድስቱን። እስከ መንደር ድረስ ሰዕዲያ እንኳ አንድ ወሬ አላወራችም።

በማግስቱ ነፊዎቹ ከየማማቸው ወርደው በዋርካው ሥር ተቀመጡ። ጥያቄው አንድ ነው፤ መለከቱ ተነፍቷል ወይስ አልተነፋም? ተነፍቶ ከሆነ የዘንድሮ መውጫ በበሬ ደምና በወታደር ሳቅ አልፏል፤ ሌላ አይኖርም።

«ከሩቅ ሰምተናል» አለ አንዱ። «አልተነፋም ብንል ጆሯችን ይታዘበናል።»

ሰዕዲያ ከሴቶቹ በኩል ተነሣች። «እኔ ምስክር አለኝ። እንግዳው ራሱ ላም ታወጣዋለች ብሏል። ላም ጮኸች ተብሎ መውጫ አለፈ ይባላል?»

ሰዎቹ ሳቁ። ከተቀመጡት ግማሹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ነገሩ እዚያው ያለቀ መሰለ። ኸድራ ግን ተነሣች።

«በእሱ ስድብ አታስመስክሩኝ» አለች።

«ኧረ ዝም በይ፤ ልታሸንፊ ነው እኮ!» ብላ ሰዕዲያ ቀሚሷን ሳበቻት።

«አላሸንፍበትም! የሰበሩትን ነገር ስም ሰጥተው ሄዱ፤ እኛ ደግሞ ያንን ስም አንሥተን እንጠቀምበት? መለከቱ ላም አይደለም። ስምንተኛውን አንድ ሰው ነፍቶታል፤ ስምንተኛው ድምፁን አውጥቷል፤ እኔ እዚያ ነበርኩ። አራተኛውም። አንድ አንዱ ነው የጮኸው። ግን ተራ አልነበረም። አንዱ ሌላውን አልጠበቀም። ዙምባራ የሚባለው መጠባበቁ ነው እንጂ ቅሉ አይደለም። ይህን የምትሉ ከሆነ በራሳችሁ አፍ በሉት።»

ረጀብ ጉልበቱን እየዳበሰ ቆየ።

«እውነቷን ነው» አለ በመጨረሻ። «ዙምባራው አልተነፋም። አፎቹ ግን ተነፍተዋል። የማናውቀው ሰው ምራቅ አለባቸው። እኔ በዚያ አፍ ማሽላ አልጠራም። የአሥራ ሁለቱም አፍ ይቆረጥ፤ አዲስ አፍ ይገባላቸው። አዲሱ አፍ እስከ መጀመሪያው ዛላ ከደረሰ እንወጣለን። ካልደረሰ አንወጣም። ውሃው ደግሞ በዝናብ ካልሆነ በእኛ እጅ ይታጠባል።»

«የዘንድሮ ቅል ገና አረንጓዴ ነው፤ በቀረን ቀን አይደርቅም» አለ አንዱ።

«እሱን ኸድራ ታውቃለች» አለ ረጀብ።

ኸድራ አላወቀችም ነበር። ቤቷ ገብታ ውሃ ልትጠጣ ከእንስራው አጠገብ ያለውን የቅል መቅጃ ስታነሣ ግን እጇ አንገቱ ላይ ቆመ። ረጅም፣ ደረቅ፣ ቀጭን፤ ዓመታት ያጠነከሩት። በመንደሩ ውስጥ እንዲህ ያለ መቅጃ የሌለው ቤት የለም። በዚያው ምሽት በየቤቱ ዞረች።

መቅጃ መስጠት ቀላል አይደለም። አንዷ ከእናቷ የወረሰችውን ነው፤ ሌላዋ አዲስ ተሞሽራ ያመጣችውን። ሰዕዲያ የራሷን ስትሰጥ «እንግዲህ ውሃ በእጄ ነው የምጠጣው፤ መለከቱ ሲነፋ ግን ጥማቴ ይሰማበታል» አለች። አንዳንዷ ምንም ሳትል አውጥታ ሰጠች። አንዷ ሰጥታ ተከትላት መጣችና መልሳ ወሰደች፤ በማግስቱ እንደገና አመጣች። ልክ የሆነውን መርጦ፣ የተሰነጠቀውን ጥሎ፣ አሥራ አንድ ተገኘ። የአራተኛው መለከት አፍ የሚሆን ግን ጠፋ፤ አራተኛው አንገቱ ጠማማ ነው፤ ጠማማ ቅል ይፈልጋል።

ኸድራ በየቀኑ ትሠራለች። የድሮውን አፍ በምላጭ ዙሪያውን ትቆርጣለች፣ የመቅጃውን አንገት በጋለ ብረት ትበሳለች፣ በሰም ትለስናለች፣ በልጥ ታስራለች። ሴቶቹ ጠዋት ጠዋት ውሃው ዘንድ ወርደው ድንጋዩን በአሸዋና በውሃ ይፈትጋሉ። አጥንቱንና አመዱን አንሥተዋል። «የቀኛዝማች መናፈሻ» እያሉ ሲፈትጉ ይሳሳቃሉ፤ ኸድራ ግን በዚህ ቀልድ ስቃ አታውቅም። ያ ሽማግሌ ምናልባት ልጡን እስከ ዛሬ ረስቶታል። የመጣበትን ቦታ ስም እንኳ አያስታውስ ይሆናል። ይህን ስታስብ ብረቱን ከእሳቱ ውስጥ ያለጊዜው ታወጣዋለች፤ መልሳም ትከተዋለች።

ማሽላው መቅላት ጀመረ። ጣሂራ ቀኑን በጣቶቿ መቁጠር ተምራለች፤ ከአሥር በላይ ሲሆን ግን የአያቷን ጣቶች ትበደራለች። አሁን የራሷ ይበቃታል።

አንድ ቀን ከሰዓት ማህጁብ በእግሩ መጣ። በቅሎው የለም። በእጁ ጨርቅ የተጠቀለለበት ነገር ይዟል። ኸድራ ቀና ብላ አይታው ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

«ኻላ፣ ሰላም ዐለይኩም።»

ሰላምታ አይከለከልም። «ወዐለይኩም ሰላም» አለች፣ ወደ እሳቱ።

ጨርቁን ፈታ። ጠማማ አንገት ያለው አሮጌ የቅል መቅጃ ነው፤ ከዳሩ ላይ በጥቁር ክር የተጠገነ። ኸድራ ከሩቁ አወቀችው። የማህጁብ እናት፣ ነፍሷን ይማርና፣ ውሃ የምትቀዳበት ነበር።

«አራተኛው ጎደለ ሲሉ ሰማሁ» አለ።

«አራተኛው የማን ነበር?»

ክሩን በአውራ ጣቱ ዳበሰ።

«ጠየቅሁህ። የማን ነበር?»

«የአባቴ።»

«ለጭነት ተሸካሚ ሰጠኸው።»

«አላወቅሁትም፣ ኻላ። ሁሉም አንድ መሰለኝ።»

«አዎ፣ ሁሉም አንድ መሰለህ» አለች። ድምፅዋ ከፍ አላለም፤ ማህጁብ ግን ከፍ ቢል ይሻለው ነበር። «እናትህ ይህን መቅጃ ስታስጠግነው እኔ ነኝ የሰፋሁላት። አንተ ነህ የሰበርከው። ያኔም ሁሉም ቅል አንድ መስሎህ ነበር።»

ማህጁብ ይቅር በይኝ ለማለት መጥቶ እንደሆነ መቅጃውን ብቻ ዘረጋላት። ኸድራም አልጠየቀችውም። ስለ ግብሩም፣ ስለ እንግዳውም፣ ስለዚያ ቀንም አንድ ነገር አላነሣችም። መቅጃውን ከእጁ ተቀበለችና አገላብጣ አየችው። አንገቱን በጣቷ ኳ ኳ አደረገችው። ደርቋል፤ አልተሰነጠቀም።

«መቀመጥ እችላለሁ?» አለ።

«አትቀመጥ። እዚህ ተንበርከክ። አንገቱን ያዝ፤ እንዳይንቀሳቀስ።»

ተንበረከከ። ኸድራ ብረቱን ከእሳቱ አወጣች። ጭሱ ወደ ፊቱ ሄደ፤ ዓይኑ አለቀሰ፤ እጁን ግን አላነሣም። ብረቱ በዚያኛው ወገን ወጣ። ከዚያ የመቅጃውን ሆድ ቆርጣ ለየችው፤ ለማህጁብ መለሰችለት።

«ሆዱን ውሰድ። ጨው ማስቀመጫ ይሆናል።»

ተቀብሎ ተነሣ። ደጃፉ ላይ ቆም ብሎ «በመውጫው ቀን ልምጣ?» አለ።

«አራተኛውን መንፋት ትችላለህ?»

«አልችልም።»

«እንግዲያው ውሃ መሸከምን የመሰለ ሥራ አይጠፋም» አለች። ይህ ይምጣ ማለት ይሁን አይምጣ ማለት ማህጁብ አላወቀም። ኸድራም አልገለጸችለትም። የእግሩ ኮቴ እስኪጠፋ ድረስ ሰሙን በጣቶቿ መካከል እያሞቀች ቆየች።

ከዚያ ሰሙን በመገጣጠሚያው ዙሪያ ለሰነችው፣ በአውራ ጣቷ ጫነችው፣ ልጡን ሦስት ጊዜ ጠመጠመችና ቋጠረችው። ቋጠሮው የሚፈታ ነው፤ ጊዜ ይወስዳል እንጂ ይፈታል። አዲሱን አፍ ወደ አፏ ሳታስጠጋ በጨርቅ ጠረገችው። የተረፈውን ልጥ በጥርሷ በጠሰችና አራተኛውን መለከት በአምስተኛውና በሦስተኛው መካከል ቆጡ ላይ አጋደመችው።